ትንሽ የሚያይ ሰው የማን ነው?

በዚህ የማኅበራችን ገጽ ላይ ስለ ማሽካንታ፣ ስለ ኡልፓን፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከእነዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም የደከመ ዓይን ጉዳይ ነው። ጨርሶ ያልጠፋ፣ ነገር ግን መነጽር ተደርጎለትም ከኩፓት ሆሊም የመጣውን ደብዳቤ የማያነብ፣ የአውቶቡሱን ቁጥር የማይለይ፣ የደም ግፊቱን ኪኒን ከስኳሩ ኪኒን የሚያምታታ ዓይን በየቤታችን አለ። በዕብራይስጥ «ርኢያ ይሩዳ» ይሉታል። እኛ «ዓይኔ ደከመ»፣ «ዓይኔ ፈዘዘ» ብለን እንደ እርጅና ቆጥረን እናልፈዋለን።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ከቋራ የመጣሁት በ1999 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከመርካዝ ክሊታ ወጥተን ቲራት ካርሜል ገባን፤ ከተራራው ሥር፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ያደግሁት እዚሁ ነው። በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርቴን ጨርሼ ሶጽያሊት ሆኜ እሠራለሁ። ከዚህ በታች ታሪካቸውን የማነሳላችሁ ሰዎች ጎረቤት እንዳያውቃቸው ዕድሜያቸውንና አንዳንድ ነገራቸውን ለውጫለሁ። የአያቴን ግን እንዳለ እነግራችኋለሁ፤ ነፍሷን ይማርና እሷ በዚህ አትቀየመኝም።

አያቴ ዓይኗን ያመማት ገና አገር ቤት ሳለች ነው። የላይኛው የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ እየዞረ ሽፋሽፍቱ ብሌኗን ይወጋት ስለነበር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ በወረንጦ ታስነቅለው ነበር። ነቃይዋ እናቴ ነበረች። በተነቀለ ሰሞን እፎይ ትላለች፤ ከዚያ ደግሞ ይበቅላል፤ አጥሮና ሸካራ ሆኖ ስለሚበቅል መውጋቱ ይብሳል። ይህ ትራኮማ የሚባለው በሽታ መጨረሻ ነው። በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በዝንብም ከዓይን ወደ ዓይን ይተላለፋል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ፊትን ደጋግሞ መታጠብ ቅንጦት ስለሚሆን ሕፃናት ይመላለስባቸዋል። ጉዳቱ ግን የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ይልቁንም በእናቶች ላይ ነው፤ ሕፃናቱን አቅፈው የሚያሳድጉት እነሱ ናቸውና። ብሌኑ ላይ የሚቀረውን ነጭ ጠባሳ ብልዝ እንለዋለን።

ኢትዮጵያ ውስጥ በ2005 እና በ2006 በመላ አገሪቱ የዓይን ጥናት ተደርጎ ነበር። ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ ዓይኑ የደከመ ሆኖ ተገኘ። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሹን (49.9 በመቶ) ያመጣው የዓይን ሞራ ሲሆን 11.5 በመቶው የትራኮማ ጠባሳ ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ የደከመ ዓይን ያላቸው ሰዎች ነገር ነው። ከእነሱ 42.3 በመቶው የዓይን ሞራ፣ 33.4 በመቶው ደግሞ መነጽር ቢያገኝ የሚስተካከል ጉድለት ነበረባቸው። ደምሩት፤ ከአራቱ ሦስቱ በኦፕራሲዮን ወይም በመነጽር ሊረዱ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ያመጣሁት ለወሬ ያህል አይደለም። በዚህ ገጽ አንባቢዎች መካከል ከጎንደርና ከአዲስ አበባ በ2020 እና ከዚያ ወዲህ የገባችሁ ቤተሰቦች አላችሁ፤ እናትና አባታችሁ፣ አያታችሁም አብረዋችሁ አሉ። ስለዚህ ስለ አጉሊ መነጽርና ስለ ልዩ መሣሪያ ከማውራታችን በፊት መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ይህ ዓይን ኦፕራሲዮን ወይም ተራ መነጽር ብቻ ይበቃው ይሆን? የሚለው ነው። አንዳንድ አባቶቻችን «ሞራው እስኪበስል ልጠብቅ» ይላሉ፤ ይህ የድሮ ሕክምና አነጋገር ነው። ዛሬ ሞራ እስኪበስል አይጠበቅም፤ ኑሮን ካወከ ይወጣል፣ በቦታውም ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። «ዓይኔን ቢላ አይነካውም» የሚሉም አሉ። እነዚህን ከእኛ ከሶጽያሊቶች ይልቅ ኦፕራሲዮን ያደረገ ጎረቤት ቢያነጋግራቸው ይሻላል፤ እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ከመጣን በኋላ የተጨመረብን ደግሞ አለ። የስኳር በሽታ አገር ቤት እምብዛም የማናውቀው ነበር፤ ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጭ መጠጡ፣ ከመቀመጫ አለመነሳቱ ተደማምሮ በማኅበረሰባችን ውስጥ በዝቷል። ስኳር በዓይን ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ሁሉ ዓይኑ ደኅና ቢመስለውም በየዓመቱ የዓይኑን ጀርባ መታየት ይገባዋል። ግላኮማም እንዲሁ ነው። በብዛት ሳያም ሳይቆረቁር ከዳር ጀምሮ እይታን ይበላል፤ አንዴ የበላው አይመለስም፤ በዘር ይወርዳል፣ መሠረታቸው ከአፍሪካ በሆነ ሰዎች ላይም ይበዛል። በቤታችሁ አንድ ሰው ግላኮማ አለብህ ከተባለ እኅትና ወንድሙም ይመርመሩ።

ይህ ሁሉ ምርመራ፣ ኦፕራሲዮኑም ጭምር፣ መብታችን ነው። የመንግሥት የጤና መድን ሕግ በ1994 ወጥቶ ከጥር ወር 1995 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። የአገሪቱ ነዋሪ ሁሉ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም፣ ማለት ከክላሊት፣ ከማካቢ፣ ከሜኡሔደት ወይም ከሌኡሚት አንዱን መርጦ ይመዘገባል። ዕድሜው ገፍቷል ወይም ታማሚ ነው ተብሎ አይመለስም። ሕጉ ገና ከመነሻው ፍትሕን፣ እኩልነትንና መረዳዳትን መሠረቴ ናቸው ብሎ ይናገራል። የሚሰጡት አገልግሎቶች ዝርዝር «ሳል ሃብሪኡት»፣ የጤና ቅርጫት ይባላል። የዓይን ሐኪም ቅርጫቱ ውስጥ አለ፤ የሞራ ኦፕራሲዮን አለ፤ ወደ ሆስፒታል ስትላኩ ኩፓው ወጪውን እሸፍናለሁ ብሎ የሚሰጠው ወረቀት፣ በልማድ «ቶፌስ 17» የምንለው፣ እሱም አለ። ያለ እሱ ሆስፒታል አትሂዱ፤ ሂሳቡ ቤታችሁ ድረስ ይከተላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ «ከዚህ በላይ በሕክምና የሚጨመር የለም» ካለ በኋላ ያ ሰው የማን ነው?

መልሱን ለማግኘት እኔም ጊዜ ወስዶብኛል። የጤና ቅርጫቱ በሽታውን ያክማል፤ የቀረችውን ትንሽ ብርሃን ለመጠቀም የሚያስችለውን ዕቃ ግን፣ አጉሊ መነጽሩን፣ ሩቅ ማያውን፣ ፊደሉን በቴሌቪዥን መስኮት ላይ አግዝፎ የሚያሳየውን «ታማስ» የሚሉትን መሣሪያ፣ በዚያ መንገድ አናገኘውም። መንገዱ በሌላ ሚኒስቴር በኩል ነው። የሪቫሃ ሚኒስቴር ውስጥ «ሸሩት ላኢቨር»፣ የዓይነ ስውራን አገልግሎት የሚባል ክፍል አለ። ይህ ክፍል «ቴኡዳት ኢቨር» የሚባለውን መታወቂያ ይሰጣል፤ መታወቂያው ያለው ሰው ለእነዚህ ዕቃዎች መግዣ የመንግሥትን ድርሻ ይጠይቃል። ጆሮው ለደከመ ሽማግሌ የመስሚያ መሣሪያ የመንግሥት ድርሻ በጤና ቅርጫቱ ውስጥ ተቆጥሮለት ሳለ፣ ዓይኑ ለደከመው ግን ነገሩ ከጤና ወጥቶ የሪቫሃ ጉዳይ ሆነ። ለምን ጆሮ እዚህ ዓይን እዚያ እንደሆነ የሚያሳምን ምክንያት የነገረኝ ሰው እስካሁን የለም።

መታወቂያውን ለማግኘት የሚጠየቀው ልክ የታወቀ ነው። በተሻለው ዓይን፣ መነጽር ተደርጎም፣ የማየት ኃይሉ ከ3/60 ያልበለጠ፤ ወይም የእይታው ስፋት ከ20 ዲግሪ ያልበለጠ መሆን አለበት። ይህን በቀላሉ ላስረዳ። አምስት የከተማ አውቶቡሶች ተከታትለው ቢቆሙ ርዝመታቸው ስልሳ ሜትር ያህል ነው። ጤናማ ዓይን ከመጨረሻው አውቶቡስ ጭራ ሆኖ የሚያየውን ፊደል ይህ ሰው ለማየት እስከ ሦስት ሜትር መቅረብ አለበት ማለት ነው። ሃያ ዲግሪ ደግሞ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ሁለት ጭብጣችሁን ጎን ለጎን ብታደርጉ የሚሸፍነውን ያህል ነው፤ ሰውየው ዓለምን በቀዳዳ እንደሚያይ ቁጠሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት ግን የደከመ ዓይን የሚለው ከ6/18 በታች ጀምሮ እስከ 3/60 ያለውን ነው። ልብ በሉ፤ የእሱ የደከመ ዓይን የሚያበቃው የእኛ መታወቂያ በሚጀምርበት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ሰፊ ነው፤ በዚህ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ጋዜጣ አያነብም፣ መርፌ አያሰካም፣ ከመንገድ ማዶ ያለውን የልጁን ፊት አይለይም፤ ሆኖም በሕጉ ቋንቋ ዓይነ ስውር አይደለምና መታወቂያ የለውም። መታወቂያ ስለሌለው ለዕቃው ድርሻ የለውም። ማየት ይችላል ተብሎ እንዳይረዳ፣ አያይም ተብሎም እንዳይረዳ ሆኖ መሐል ላይ ይቀራል።

አንድ አባት ነበሩ። ዓይናቸው 6/60 ነው። አገር ቤት ሳሉ ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ፣ በሰንበት ሰው ዙሪያቸውን ከቦ የሚሰማቸው ሰው ነበሩ። ግላኮማው ሲገፋ ንባቡን ተዉት። ያስታወሱትን በቃላቸው ይሉታል፤ ሲጠፋባቸው ዝም ይላሉ። ልጃቸው ወደ እኔ የመጣችው ለአርኖና ቅናሽ ነበር፤ ጨዋታ መሐል ነው «አባባ ከሰው መሐል መቀመጥ ተዉ» ያለችኝ። መታወቂያውን ጠየቅን፤ ልኩ ላይ ስላልደረሱ አልተሰጣቸውም። በዚህ ማንንም ልወቅስ አልችልም፤ የመረመሯቸው ሐኪም የለኩትን ነው የጻፉት። በመጨረሻ ቤተሰቡ አዋጥቶ ከኪሱ ከፍሎ ወደ አንድ የደከመ ዓይን ክሊኒክ ወሰዳቸው።

እዚያ የሆነውን ልጃቸው ስትነግረኝ ደስ አለኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ታያለህ» አልነበረም፤ «ምን ማድረግ ትፈልጋለህ» የሚል ነበር። አባባ ለብዙ ዓመት ጣት ቁጠር፣ ፊደሏ ወዴት ዞራለች ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምን ማንበብ እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው አልነበረም። መጽሐፋቸውን አምጥተው አሳዩ። መርማሪዋ መብራት ያለው የጠረጴዛ አጉሊ መነጽር ሰጠቻቸው። ከዚያም አንድ ጥቁር ካርቶን አንሥታ በመሐሉ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ቀደደችና ገጹ ላይ አስቀመጠችው፤ የነጩ ወረቀት ነጸብራቅ ጠፍቶ መስመሩ ብቻውን ቆመ። መነጽሩ ገንዘብ ያስወጣል። ካርቶኑ ግን ከጫማ ሣጥን ክዳን የሚቆረጥ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ሁለት ነገር ላክል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ምስር የምትለቅሙበትን ሰፌድ ተዉትና ነጭ ትሪ አድርጉ፤ ነጭ ጤፍ ከሆነ ደግሞ ጥቁር ትሪ ላይ አፍስሱት፤ ጠጠሩ ራሱ ይናገራል። መብራቱ ከፊት ለፊታችሁ ሳይሆን ከትከሻችሁ ጀርባ፣ ከምትሠሩበት እጅ በተቃራኒ በኩል ይምጣ። የእንጀራውን ዓይን ማየት ያቃታት እናት ምጣዱ አጠገብ አንድ መብራት ስታስተክል ነገሩ ሁሉ ይቀላል። የልጆቻችሁን የእጅ ስልክም አትናቁት፤ ካሜራው እንደ አጉሊ መነጽር ሆኖ የመድኃኒት ሣጥን ላይ ያለውን ፊደል ያገዝፋል። አዘጋጅቶ የሚሰጣችሁ የልጅ ልጅ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ልኩ ላይ ደርሰው መብታቸውን ስለማይወስዱት ልናገር። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ነው።

አንዲት እናት የዓይን ሐኪሙ ቅጹን ሞልቶ ሰጥቷቸው ሳለ ወረቀቱን ስምንት ወር መሶብ ሥር ደብቀውት ከረሙ። ስጠይቃቸው «የዕውር ወረቀት ቤቴ አይገባም» አሉኝ። ቆይቼ ነው ምክንያቱን የተረዳሁት። ለሴት ልጃቸው ሽማግሌ ሊላክ ነበር፤ «የዕውር ልጅ» መባሏን ፈሩ። በሐኪሙ ክፍል ውስጥ «ቴኡዳት ኢቨር» የሚለውን ቃል የተረጎመላቸው ሰው ቃል በቃል «የዕውር ወረቀት» ብሎታል። በዕብራይስጥ «ኢቨር» የሚለው ቃል የቢሮ ቃል ነው፤ በደረቁ ይነገራል። በእኛ ቋንቋ «ዕውር» ስድብ ነው፣ «ዓይንህ ይጥፋ» ደግሞ እርግማን። ማንም እናት እርግማንን በፊርማዋ ተቀብላ ቤቷ አታስገባም። እኔ «የዓይነ ስውርና የደካማ ዓይን መታወቂያ» ብዬ ነው የምተረጉመው። ይህን ለማባበል ያመጣሁት አይደለም፤ መታወቂያው ራሱ ዛሬ በዕብራይስጥ ሁለቱንም ቃል ይዟል፤ ዓይነ ስውርም፣ የእይታ ጉድለት ያለበትም ይላል።

እውነቱን ለመናገር እኚህን እናት ያሳመናቸው የእኔ ትርጉም አልነበረም። ቡና ላይ አንዲት ጎረቤታቸው የራሷን መታወቂያ ከጡት መያዣዋ አውጥታ፣ የአርኖና ደረሰኟን ጨምራ አሳየቻቸው። ለመታወቂያው ባለቤት የአርኖና ቅናሽ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። «ዘጠና?» አሉ። «ዘጠና» አለች። በማግሥቱ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። መታወቂያው ሲመጣ አጉሊ መነጽር አገኙበት፤ ዛሬ ስፌታቸውን ይሰፋሉ። ልጅቷም ተድራለች።

ስለ መዘግየት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ከመታወቂያው ጋር የሚመጡ አንዳንድ ጥቅሞች፣ ለምሳሌ የአጃቢ ገንዘብ የሚባለው፣ መታወቂያው በስንት ዓመት ዕድሜ ላይ እንደተገኘ ያያሉ፤ ከ65 ዓመት በፊት ያወጣና ከዚያ በኋላ ያወጣ እኩል አይደለም። ስለዚህ በስልሳ ዓመቱ ወረቀቱን መሶብ ሥር የደበቀ ሰው የሚያጣው ለጊዜው ብቻ ላይሆን ይችላል።

ስለ ትርጉም ካነሳሁ ዘንድ የልጆች አስተርጓሚነት ነገር ያስቆጨኛል። እኔ አሥር ዓመት ሲሞላኝ አያቴን ወደ አንድ ክሊኒክ የምወስዳት፣ የማስተረጉምላትም እኔ ነበርሁ። ሐኪሙ ረጅም ነገር ይናገራል፤ አያቴ ዓይን ዓይኔን ታያለች። «ብሌን» የሚለውን በዕብራይስጥ፣ «ኮርኒያ» የሚለውን ደግሞ በአማርኛ የማላውቅ ልጅ ነበርሁ። አያቴ ወደ ቤት ስንመለስ «አይዞሽ፣ ደኅና ነው ያለው አይደል?» ትለኝ ነበር። ይህን ጭነት በልጅ ጫንቃ ላይ ማድረግ ዛሬ ተገቢ እንዳልሆነ ተጽፏል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣውና ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መመሪያ፣ ኩፓት ሆሊምና ሆስፒታሎች አገልግሎታቸውን ከሕመምተኛው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ ታዘዋል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ በስልክ የሚያስተረጉምም ቢሆን ይሁን። ልጁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩት።

ልጆችን ካነሳን፣ ዓይኑ የደከመ ተማሪ መንገዱ ሌላ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በማትያ በኩል ለዓይነ ስውራንና ዓይናቸው ለደከመ ልጆች የሠለጠኑ መምህራን አሉት፤ መምህሯ ወደ ትምህርት ቤቱ ትመጣለች፣ ፈተናው በትልቅ ፊደል ይታተማል፣ መቀመጫው ይስተካከላል። ለዚህ ልጁ «ቴኡዳት ኢቨር» እንዲኖረው ግድ አይደለም። ልጃችሁ ደብተሩን አፍንጫው ሥር ካደረገ፣ ሰሌዳ ላይ ያለውን ከጎረቤቱ ከገለበጠ፣ አስተማሪዋም «ሰነፍ ነው፣ ዕብራይስጥ ገና አልገባውም» ካለቻችሁ፣ ከመቀበላችሁ በፊት ዓይኑን አስመርምሩ። አዲስ የገባ ልጅ ሁሉ ችግሩ ቋንቋ ይመስላቸዋል። የመነጽሩን ዋጋ በተመለከተ፣ ተጨማሪ መድን፣ «ቢቱዋህ ማሽሊም» ያላችሁ የኩፓችሁን ጸሐፊ ለልጆች መነጽር ምን እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ ከአንዱ ኩፓ ወደ ሌላው ይለያያል።

«ይህ የእስራኤል ጉድ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ዘመድ አሜሪካ ያለው ደግሞ «እዚያ ቢሆን» ይላል። በአሜሪካ ለሽማግሌዎች የሚከፍለው መንግሥታዊ መድን፣ ሜዲኬር፣ በ2008 ባወጣው ደንብ ሌንስ ያለበት የደከመ ዓይን መርጃ ሁሉ እንደ ተራ መነጽር ተቆጥሮ እንደማይከፈልለት ደንግጓል። ሺህ ሰቅል የሚያወጣውም መሣሪያ፣ በኪስ የምትገባውም አጉሊ መነጽር በአንድ ቃል ተዘጋባቸው። በብሪታኒያ ግን ሆስፒታሉ አጉሊ መነጽሩን ያለ ክፍያ በውሰት ይሰጣል፤ ሰውየው ሳያስፈልገው ሲቀር ይመልሳል፣ ለሌላው ይተላለፋል። በስዊድንም የእይታ ማዕከሎች አሏቸው፤ እዚያም ዕቃው የሚሰጠው በውሰት ነው። ለእኛ አገር የሚሻለው ይህ ይመስለኛል። አንድ አጉሊ መነጽር ዕድሜው ረጅም ነው፤ አረጋዊው ሲያርፍ መሳቢያ ውስጥ ከሚቀር ለጎረቤት ቢያገለግል ምን ይጎዳል? ከዚህም በላይ፣ ወደ ጤና ቅርጫቱ አዳዲስ መድኃኒትና መሣሪያ የሚጨምር ኮሚቴ በየዓመቱ ይቀመጣል። የካንሰር መድኃኒት ከአጉሊ መነጽር ይቀድማል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን የስኳር ኪኒኑን ከደም ግፊቱ የማይለይ ሰው ሆስፒታል ሲገባ የሚወጣው ወጪ ከመነጽሩ ዋጋ እንደሚበልጥ ለማወቅ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። 6/60 ላይ ያሉት አባት ከ3/60 እናት እኩል ይሰጣቸው የሚል ሙግት የለኝም። ንባብ የሚያስመልስ አንድ መነጽር ግን የጤና ነገር ነው፤ በሪቫሃ በር መለመን አልነበረበትም።

እስከዚያው መንገዱ ይህ ነው። በመጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ወደ ዓይን ሐኪም ይላካችሁ። ሐኪሙ ጨርሶ ካያችሁ በኋላ ሁለት ነገር ጠይቁት፤ አንደኛ፣ ዓይኔ ለቴኡዳት ኢቨር ልክ ይደርሳል ወይ? ሁለተኛ፣ ወደ «ሚርፓአት ርኢያ ይሩዳ» ልትልከኝ ትችላለህ ወይ? ካልጠየቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ አይነግራችሁም፤ ጊዜው አጭር ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ከመሄዳችሁ በፊት ማን እንደሚከፍል፣ ኩፓው ይሁን ሪቫሃ ይሁን ወይስ እናንተ፣ በጽሑፍ አስረግጡ። ልኩ ላይ የደረሰ ሰው ቅጹ ተሞልቶ ወደ ሸሩት ላኢቨር ይላካል፤ በከተማችን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ጉዳዩን የያዘ ሠራተኛ ይረዳችኋል። የሪቫሃ ሚኒስቴር ስልክ 118፣ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ደግሞ *5400 ነው።

በአቅራቢያችን ካሉት አንዱ ቅርያት ሃይም የሚገኘው «ሚግዳል ኦር» ነው፤ ዓይነ ስውራንንና ዓይናቸው የደከመውን ኑሮን እንደገና የሚያስተምር ማዕከል ነው። ከሆፍ ሃካርሜል በሜትሮኒት ወደ ቅራዮት አቅጣጫ ይኬዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄዱ ሰው አስከትሉ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ቁጥሩም ከሩቅ አይታይም። ቴኡዳት ዜሁታችሁን፣ የዓይን ሐኪሙን ወረቀት፣ አሮጌ መነጽሮቻችሁን ሁሉ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ያዙ። የሚጠይቋችሁ ምን ማድረግ እንደምትፈልጉ ነውና ኦሪት የሚያነብ ኦሪቱን፣ የምትሰፋ ስፌቷን፣ የባንክ ደብዳቤ የሚያስቸግረው የባንኩን ደብዳቤ ይዞ ይሂድ።